«ቱጃሮች ዱላ ይዘው ሲንሸራሸሩ» ላልከው ወንድሜ

ባለፈው ወር ስለ ጎልፈኛው ጃክ ኒክላውስ ስንብት ያለኝን ትዝታ አጠር አድርጌ ጽፌ ነበር። ብዙ ሰው አንብቦ አለፈው። አንድ የድሬ ልጅ ግን አላለፈውም። ረዘም ያለ መልስ ጻፈብኝ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ያስቃል፤ ብዕሩም ስል ነው። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጎልፍ ስፖርት አይደለም። የሰውዬው ስንብት ለካሜራ የተዘጋጀ ድራማ ነው። ማቆም የነበረበት ድሮ ነው። ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል። ደግሞስ የድሬ ሰው የራሱን ጀግኖች ትቶ ለባዕድ ማልቀሱ ምን የሚሉት ነገር ነው?

እሺ አቦ። በየተራ እንየው። በዕድሜ ባልበልጥህም አንተ ነበር የምልህ፤ ድሬ ላይ አንቱ ብልህ «ምን አደረግኩህ?» ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ልበል። ጃክ ኒክላውስ በ1940 በኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ተወለደ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የሰውዬው ታሪክ በዚያው የተቆጠረ ነው።) አባቱ ፋርማሲስት ነበር። በጎልፍ በየዓመቱ አራት ትልልቅ ውድድሮች አሉ፤ ሜጀር ይሏቸዋል። ኒክላውስ ከ1962 እስከ 1986 ድረስ 18 ሜጀር ወሰደ። ያን ቁጥር እስካሁን የነካው የለም፤ ታይገር ዉድስ እንኳ 15 ላይ ነው ያለው። የተሰናበተው ጁላይ 15 ቀን 2005፣ ከአራቱ ሜጀሮች አንዱ በሆነው ኦፕን ሻምፒዮና፣ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ሴንት አንድሩስ ላይ ነው። 65 ዓመቱ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ኮሎምበስ እኖር ነበር። ከተማዋ ሐበሻና ሶማሌ የሞላባት ናት፤ ድሬ የናፈቀው ሰው እዚያ ሻሂ ቢጠጣ ብዙም አይከፋው። ከከተማዋ ጥግ ደብሊን የምትባል ቦታ አለች። እዚያ ኒክላውስ ራሱ ባሠራው ሜዳ ላይ ሜሞሪያል የሚባል ውድድር በየዓመቱ ይደረጋል። በውድድሩ ሳምንት ተመልካቹን ከመኪና ማቆሚያ ወደ ሜዳው የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳ ነበር። ጎልፍ የሚባል ነገር ያየሁት በዚያ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ጎልፍ ለእኔ ቮልስዋገን ነበር።

አሁን ወደ ነጥቦችህ።

«ጎልፍ ስፖርት አይደለም፤ ቱጃሮች ዱላ ይዘው የሚንሸራሸሩበት ነው» ብለሃል። ግማሹ እውነት ነው። እኛ አገር ጎልፍ የሚጫወተው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ዲፕሎማትና ባለሀብት ነው። ግን ኒክላውስ የተሰናበተበት የሴንት አንድሩስ ሜዳ የማንም ቱጃር ግቢ አይደለም። የሕዝብ መሬት ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ፣ ትልቅ ውድድር ከሌለ፣ ጎልፍ አይጫወቱበትም፤ የከተማው ሰው ልጁንና ውሻውን ይዞ ይመጣበታል። መንሸራሸሩ እንግዲህ እሁድ ነው። ሌላው ቀን ሥራ ነው።

ሥራ መሆኑን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። የልምምድ ቀን ነበር። በእረፍት ሰዓቴ ገብቼ ገመዱ ጥግ ቆምኩ። ይዘንባል፤ ሜሞሪያልና ዝናብ አይለያዩም። ኒክላውስ ስድሳን አልፏል። በ1999 ዳሌው ተቀይሮ ሰው ሠራሽ ገብቶለታል። መጣና ከኳሱ በስተኋላ ቆመ። ባንዲራውን አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ታች አውርዶ ከኳሱ ፊት፣ ትንሽ ብቻ ራቅ ብሎ፣ መሬት ላይ አንድ ነገር መረጠ። ምን እንደሆነ ከቆምኩበት አይታይም፤ ቅጠል ይሁን ወይ የተነቀለ ሣር። በኋላ ነው የተረዳሁት፤ የሰውዬው ዘዴ ይሄ ነው። ሩቅ ያለውን ባንዲራ አያነጣጥርም፤ አጠገቡ ያለችውን ቅጠል ነው። ኳሱ በቅጠሏ ላይ ካለፈ ሌላውን መንገድ ራሱ ያገኘዋል።

ከዚያ አጎነበሰ። ቆመ። አሁንም ቆመ። አጠገቤ ካለው ሰውዬ ጃንጥላ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጓል። ኒክላውስ ዝግጁ ነኝ ብሎ ካላመነ አይመታም፤ ሁሉም ሰው ይጠብቀዋል። እጆቹ ደግሞ ትንንሽ ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን በእነዚያ እጆች እንዴት እንደመታ ይገርመኛል። ይህንን አራት ቀን ሙሉ፣ በቀን 18 ጉድጓድ፣ በነፋስና በዝናብ፣ ሰባት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በእግር እየሄዱ መሥራት ስፖርት ካልሆነ፣ ስሙን አንተ አውጣለት። ዱላና ኳስስ ቢሆን ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? የገና ጨዋታ አገር ልጅ ዱላ ስላየ ብቻ ሲንቅ አይገባኝም።

ጎልፍ ውሃ ይጨርሳል፣ ድሬ ደግሞ ለራሷ ውሃ የላትም ያልከው ላይ ክርክር የለኝም። ድሬ ላይ የጎልፍ ሜዳ ይሠራ ያለ የለም። መጀመሪያ ጀሪካኑ ይሙላ። (ጨዋታው የተወለደው ግን በስኮትላንድ ባሕር ጠረፍ፣ አሸዋማ መሬት ላይ ነው። አሸዋማው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶልሃል።)

ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ስንብቱ ለካሜራ የተሠራ ድራማ ነው፤ እንባውም እንደዚያው» ትላለህ። ማስረጃህ የገንዘብ ኖቱና ድልድዩ ነው።

ኖቱ እውነት ነው። የስኮትላንድ ሮያል ባንክ በዚያ ሰሞን የኒክላውስ ምስል ያለበት ባለ 5 ፓውንድ አሳትሟል፤ 2 ሚሊዮን ኖት። ከንጉሣዊው ቤተሰብ ውጪ በሕይወት እያለ ስኮትላንድ ውስጥ ገንዘብ ላይ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ባንክ ደግሞ ጥቅሙን ሳያይ እንዲህ አያደርግም፤ ማስታወቂያ ነው። እዚህ ላይ እንስማማ። ግን ያሳተመው ባንኩ ነው። በባንኩ ማስታወቂያ የሰውየውን እንባ መለካት ምን አመጣው?

ድልድዩ ደግሞ ስዊልከን ይባላል። 18ኛው ጉድጓድ መንገድ ላይ ያለ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ አጭር። ኒክላውስ እዚያ ላይ ቆሞ እጁን አነሳ። አብረውት ሲጫወቱ የነበሩትን ቶም ዋትሰንንና ሉክ ዶናልድን ጠርቶ ፎቶ ተነሳ። ልጁ ስቲቭም ነበር፤ የአባቱን ዱላዎች የተሸከመው እሱ ነው።

ስለ ስቲቭ ግን አንድም ቃል አልጻፍክም። እኔ ደግሞ የዚያ ቀን ነገር ሁሉ ያለው ስቲቭ ላይ ነው እላለሁ። በዚያው ዓመት ማርች 1 ቀን የስቲቭ ልጅ፣ የኒክላውስ የልጅ ልጅ ጄክ፣ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። የ17 ወር ሕፃን ነበር። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ምን አደረጉ? አብረው ጎልፍ መጫወት ያዙ። ለዋንጫ አይደለም። ቤት ቁጭ ማለት አልሆንላቸው ስላለ ነው። በወሩ ማስተርስ የሚባለው ሜጀር ሲደርስ አባቱን ግባ ብሎ የገፋፋውም ስቲቭ ነው።

አንተ የድሬ ልጅ ነህ፤ ለቅሶ ቤት ታውቃለህ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ሐዘን የሌለባቸው ናቸው? የሞተበትን ሰው «ና፣ አንድ እጅ ጎድሎናል» ብለው የሚጠሩት ለምንድን ነው? አራት ካርታ እጁ ላይ ሲይዝ ለደቂቃ ዓይኑ ሌላ ነገር ያያል። ማሸነፉ ለማንም ጉዳይ አይደለም። የኒክላውስና የስቲቭ የዚያ ዓመት ጎልፍ ለእኔ እንዲያ ነው። ጁላይ ላይ ሕፃኑ ከሞተ አራት ወር ተኩል ነው። አባትየው ከልጁ ጋር እዚያ ድልድይ ላይ ቆሞ እንባው ቢመጣ፣ ድራማ የሚለውን ቃል ለመጻፍ እጅህ እንዴት እሺ አለህ?

ሌላም የሳትከው ነገር አለ። ሰውዬው እጅ ሊያውለበልብ አልመጣም። ሊጫወት ነው የመጣው። በጎልፍ ያነሰ የመታ ነው የሚያሸንፈው። የመጀመሪያውን ቀን 75 መታ፤ ሁለተኛውን 72። ድምሩ 147። ቅዳሜና እሁድ ለመጫወት ከ145 ማለፍ አልነበረበትም። በሁለት ምት ቀረ። ካሜራው ሁሉ ስንብት ሲጠብቅ እሱ ቅዳሜን ነበር የፈለገው።

የመጨረሻዋን ኳስ ታስታውሳለህ? 18ኛው ላይ ከአራት ሜትር ትንሽ ራቅ ብላ ቀርታለች። ገባችም አልገባችም ለውጥ የለውም፤ ወድቋል። የድራማ ሰው ቢሆን ለሕዝቡ እየሳቀ ገፋ አድርጓት ይሄድ ነበር። እሱ ግን አጎነበሰ። ቆመ። አሁንም ቆመ። በቴሌቪዥን እያየሁ «ኧረ ምታትና ላልቅስ!» አልኩ። መታት። ገባች። በርዲ ነው፤ ከተመደበው በአንድ ምት ያነሰ ማለት ነው። እዚያ ላይ እኔም አለቀስኩ፤ አንተ የቀለድክብኝም በዚያ ነው።

ቀጥሎ «ከ1986 በኋላ 19 ዓመት ራሱን ጎተተ፤ ጀግና በጊዜው ይወርዳል» ትላለህ።

የ1986ን ታሪክ ግን ልንገርህ። ኤፕሪል ላይ 46 ዓመቱ ነው። ሜጀር ከወሰደ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ የአትላንታ ጋዜጣ ጸሐፊ ሰውዬው አልቆለታል ብሎ ጻፈ። ማስተርስ ሊጫወት ኦገስታ ቤት ተከራይቶ ነበር፤ ጓደኛው ያንን ጽሑፍ ቆርጦ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈለት። ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ቤት በገባ ቁጥር ያየዋል። እሁድ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ጉድጓዶች በ30 ምት ጨረሰ። የቀኑ ድምር 65። በአንድ ምት ማስተርስን ወሰደ፤ ስድስተኛው ነበር። ዱላዎቹን የተሸከመለት ትልቁ ልጁ ጃኪ ነው። የምላሽ ጽሑፍ ከተባለ ያ ነው። ይሄ የእኔ ጽሑፍ መንጠራራት ነው።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው። በጊዜው ይውረድ የሚሉት ሰዎች «ጊዜውን» የቆረጡት ከ1986 በፊት ነው። እነሱን ቢሰማ አንተ አሁን «እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት» የምትላት ቀን ራሷ አትኖርም። ከዚያም በኋላ ቢሆን በ1998 ማስተርስ ላይ ስድስተኛ ደረጃን ተጋርቶ ወጥቷል። በ58 ዓመቱ! መጎተት ማለት ይሄ ከሆነ እኔንም ይጎትተኝ። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደካማ ነበሩ፤ እሱን አልደብቅህም። ግን ኦፕን ሻምፒዮና የቀድሞ አሸናፊዎችን እስከ 65 ዓመታቸው ይቀበል ነበር። እሱም እስከ 65 መጣ። በቃ።

አጎቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ባቡር ሲመጣ ጆሮውን ያቆማል። ከዚያ «ይሄን ሎኮ ማነው የነካካው?» ይላል፤ ለራሱ፣ በንዴት። ሥራህ አልቋል ልትለው ትችላለህ። እኛ ቤት ውስጥ ግን ያን የሚደፍር አልነበረም፤ እናቴም ብትሆን።

ቁጥሩን እንይ። «18 ጊዜ አሸነፈ፣ 19 ጊዜ ሁለተኛ ወጣ፤ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል» ብለሃል። ቁጥሩ ትክክል ነው። በሜጀር 19 ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። እኔ ግን ሰውዬውን የወደድኩት ከ18ቱ ይልቅ በ19ኙ ነው ብልህስ?

ዋትሰንን አስታውስ፤ ድልድዩ ላይ የነበረውን። በ1977 ተርንቤሪ ላይ ኦፕኑን ከኒክላውስ እጅ የቀማው እሱ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ዋትሰን 65 እና 65 መታ፤ ኒክላውስ 65 እና 66። ልዩነቱ አንዲት ምት ናት። ሦስተኛ የወጣው ሰው ከኒክላውስ በ10 ምት ርቆ ነው የጨረሰው። ሁለቱ ለብቻቸው ሌላ ውድድር ላይ ነበሩ ማለት ነው። ሲያልቅ ኒክላውስ ክንዱን ዋትሰን ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ነው ከሜዳው የወጣው። በ1982 ፔብል ቢች ላይ ደግሞ ኒክላውስ ጨርሶ ሲጠብቅ፣ ዋትሰን 17ኛው ላይ ከረጅም ሣር ውስጥ መትቶ ቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተበት። ያም ከ19ኙ አንዱ ነው። እንግዲህ በ2005 ከኒክላውስ ጎን እየሄደ እንባው አልቆም ያለው ይሄው ዋትሰን ነው። ያሸነፈው ሰው ነው ያለቀሰለት። እሱንም ባንኩ ከፍሎት ነው በለኝ።

በ1969ም አንድ ነገር አለ። የአሜሪካና የብሪታንያ የቡድን ውድድር፣ ራይደር ካፕ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሮያል በርክዴል ላይ። የመጨረሻው ግጥሚያ፣ የመጨረሻው ጉድጓድ። ለእንግሊዛዊው ቶኒ ጃክሊን 60 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ምት ቀርታዋለች። ከሳታት ብሪታንያ ትሸነፋለች። አጭር ናት፤ ግን እጅ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት አጭር የሚባል ምት የለም። ኒክላውስ ጎንበስ ብሎ የጃክሊን ኳስ ያለችበትን ቦታ የሚያሳየውን ምልክት ከመሬት አነሳና ሰጠው። ገብታለች ብሎ ተቀበለለት ማለት ነው። ውጤቱ 16 ለ 16 ሆነ። የራሱ ቡድን አለቃ ሳም ስኒድ በዚህ ደስ አላለውም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን የነገረው አልነበረም መሰለኝ።

የመጨረሻው ነጥብህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለዚህ በቀልድ አላልፈውም። «የራሳችን ጀግኖች እያሉ ለባዕድ?» ትላለህ።

ባዕድ የሚለውን ቃል ድሬ ላይ ከየት አገኘኸው? በ1902 ባቡር ሲመጣ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ህንዱ የኖረባት። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው አንድ በርጫ ላይ የሚቀመጥባት። የድሬ ልጅ ሰውን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ ቁጭ በል ነው የሚለው። ለኃይሌም ቢሆን ተጨንቄያለሁ። በ2010 ኒው ዮርክ ላይ አቆምኩ ብሎ ሲያስደነግጠን፣ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ሲቀይር፣ በ2015 ማንቸስተር ላይ በቃኝ ሲል ሁሉንም ተከታትያለሁ። አየህ፣ እሱም ቢሆን አንዴ ተሰናብቶ አልወጣም። እዚያ ላይ «ራሱን ጎተተ» ያልከውን አላነበብኩም።

የራሳችን ካልክ ግን እኔም የምልህ አለኝ። በ1962 ጃንዋሪ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ኒክላውስ የዘመኑን ታላቅ ጎልፈኛ አርኖልድ ፓልመርን አሸንፎ የመጀመሪያ ሜጀሩን ወሰደ። ሉቺያኖ የድሬውን የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ማሊያ የለበሰ ሰው ነው። በ1978 ከደርግ ሸሽቶ ጣሊያን ገባ። በ2022 እዚያው አረፈ። ድልድይ የለ፣ ባለ 5 ፓውንድ የለ።

ስለ እሱ ጻፍ። የእኔን ኒክላውስ ለማጥፋት የፈጀኸውን ቀለም ለእሱ አውለው፤ የመጀመሪያው አንባቢህ እኔ ነኝ። እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ሉቺያኖን ሲጫወት አላየሁም። ያዩት ሽማግሌዎች ግን አሁንም ከዚራ ዛፍ ሥር ስለ ኳስ ሲከራከሩ ታገኛቸዋለህ። ስልክህን ይዘህ ሂድና ቅዳቸው፤ ጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ናቸው።

በነገራችን ላይ የ1986ቱ እሁድ ቪዲዮ ስልኬ ላይ አለ። 17ኛው ላይ ኳሷ ገና ሳትገባ ዱላውን ወደ ላይ ሲያነሳ ያለውን ቦታ ነው መጀመሪያ የማሳይህ። ና፣ አብረን እናየዋለን። ሻሂው ባንተ ነው፤ ነገሩን የጀመርከው አንተ ነህ።